ኮንሰልታንቱና ሊጡ

አዲስ አበባ ውስጥ ወንድ ልጅ «ቤት ነው የምውለው» ካለ ሰው ቶሎ ብሎ «አይዞህ፣ እግዜር ያውቃል» ነው የሚለው፣ ለቅሶ የደረሰ ይመስል። ሚስቴ ባንክ ትሰራለች፣ እኔ የፕሮጀክቱ ኮንትራት ካለቀ ወዲህ ልጅና ቤት ይዤ ቁጭ ብያለሁ፣ ቁጭ ማለት ካለ ማለቴ ነው። «ምን እየሰራህ ነው?» «ቤት ነኝ።» «እሱማ፣ ግን ምን እየሰራህ ነው?» በቃ ወሬው እዛ ላይ ይሞታል።

መጀመሪያ ሰሞን ዩቲዩብ ላይ «ሕይወትህን ቀይር» የሚሉትን እያየሁ ፕላን አወጣሁ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት መነሳት፣ ስፖርት፣ ንባብ፣ ኦንላይን ኮርስ፣ ሁሉንም በኤክሴል ሰርቼ ፍሪጅ ላይ ለጠፍኩት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን ፕላን የሚያወጣው ውሃ ነው። በፈረቃ ይመጣል፣ ያውም ሌሊት 8 ሰዓት፣ ቧንቧው እንደ ሽማግሌ ማሳል ሲጀምር ተነስቶ ጀሪካን መደርደር ነው፣ ከዛ በኋላ እንኳን ስፖርት ዓይንም አይገለጥ።

ቀጥሎ ያለው አለቃ ሊጥ ነው። ጤፉን በእርሾ አቡክተህ ሁለት ሶስት ቀን ትጠብቃለህ፣ ላዩ ላይ የጠለለውን ውሃ ትደፋለህ፣ ከሊጡ ጨለፍ አድርገህ አብሲት ትጥላለህ፣ መልሰህ ትቀላቅለዋለህ፣ ከዛ ኩፍ ያለ ሰዓት ካልጋገርከው አለቀልህ፣ ይኮመጥጥና እንጀራው ዓይን የለው ምን የለው። ቢሮ እያለሁ ዴድላይን ቢያልፍ አንድ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ይራዘማል። ሊጥ ደብዳቤ አይቀበልም። መብራት የሚጠፋው ደግሞ የመጀመሪያውን እንጀራ አክንባሎ ስትከድንበት ነው፣ ይሄ ሳይንስ ነው እንዳትከራከሩኝ።

ጎረቤቶች ቡና ሲጠጡ መጀመሪያ ላይ እኔ ስገባ ወሬ ያቆሙ ነበር። አሁን «የሚኪ አባት፣ ና ቁጭ በል፣ በርበሬ ስንት ገባ?» ነው፣ በረካ ሳልጠጣ አልነሳም፣ የማን ባል የት እንዳመሸ ያለ ቃለ ጉባኤ ይታወቃል፣ በዛ ሁሉ የቢሮ ስብሰባ እንዲህ ፍሬ ያለው ነገር ሰምቼ አላውቅም።

የሚገርመኝ ግን የታችኛው ፎቅ ሰውዬ ነው። እሱም ስራ የለውም፣ ግን ጠዋት ሸሚዙን ተኩሶ የላፕቶፕ ቦርሳ አንግቶ ይወጣል፣ ካፌ ውስጥ በአንድ ማኪያቶ ይውላል፣ ሲጠይቁት «ኮንሰልታንት ነኝ» ይላል። ሰፈሩ «ጋሼ» ብሎ ይነሳለታል፣ የዕድር ጸሐፊም አድርገውታል። ቤተሰብ ሙሉ የምመግበው እኔ ግን «ምስኪን» ነኝ! ባለፈው ደረጃ ላይ አገኘኝና ግራ ቀኙን አይቶ «ስማ ወንድሜ፣ እሷ ፊልድ ሄዳብኝ ነው… አብሲት ላይ ሊጡ የሚገባው ውሃው ከፈላ በኋላ ነው ወይስ በፊት?» አለኝ።

«ኮንሰልቴሽን በብር ነው ጋሼ» አልኩት።