አርዌን ማን ያጥናው?

ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በየጊዜው ብቅ የምትል ወሬ አለች። እንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን በ«የቀለበቶቹ ጌታ» ልብ ወለዱ ውስጥ የፈጠራት የጎንዶር መንግሥት ስሟ ከኛ ጎንደር የመጣ ነው የምትል። አንዱ የፋሲል ግንብን ፎቶ ከፊልሙ ነጭ ከተማ ጎን ይለጥፋል። ሌላው «ድሮስ!» ይላል። ነገሩ ደስ ይላል፤ ማስረጃው ግን የድምፅ መመሳሰል ብቻ ነው። ቶልኪን ለልብ ወለዱ ቋንቋ ከነሰዋስዉ የፈጠረ ሰው ነው። በዚያ በፈጠረው ቋንቋ ጎንዶር «የድንጋይ አገር» ማለት ነው። ለጎንደር ግንብ ጥሩ ቅጽል ይሆን ነበር፤ ግን በዚህ ብቻ ዝምድና አይቆጠርም።

የሚገርመው፣ ሰውየው ከኢትዮጵያ ስም ጋር እውነተኛ ጉዳይ ነበረው። እሱ ግን ሼር ሲደረግ አላየሁም። ይሄን የማነሣው ፋንታሲ፣ ማለትም አስማትና ጭራቅ የሞላበት ልብ ወለድ፣ እንዴት እንደሚጠና አይቼ ወደኛው የተረት ዘንዶ ወደ አርዌ ለመምጣት ነው።

በ1932 እና በ1934 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በመካከለኛው ዘመን ጥናት መጽሔት ላይ በሁለት ክፍል አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ያኔ ኦክስፎርድ የአንግሎ ሳክሰን (የጥንት እንግሊዝኛ) ፕሮፌሰር ነበር። ጉዳዩ ይሄ ነው። ከሺህ ዓመት በፊት የነበሩ እንግሊዞች በላቲን መጻሕፍት ውስጥ ኢትዮጵያውያን የሚል ሲያጋጥማቸው «ሲግልዋራ» ወይም «ሲግልሄርዋን» እያሉ ይመልሱት ነበር። የእስራኤልን ከግብፅ መውጣት የሚተርክ አንድ የጥንት እንግሊዝኛ ግጥም ውስጥም «የሲግልዋራ ምድር» አለ። አገሩን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ሰዎች ይሄን ስም ከየት አመጡት?

ቶልኪን የቃሉን መልኮች ከየብራናው ለቀመ። ከዘመድ ቋንቋዎች ጋር አስተያየ። የደረሰበት ግምት እንዲህ ነው። የስሙ መጀመሪያ ፀሐይንም ዕንቁንም ይነካል፤ መጨረሻው ደግሞ ከፍምና ከጥላሸት ጋር ሳይዛመድ አይቀርም። ስለዚህ ሰዎቹ ኢትዮጵያን ከመስማታቸው በፊት ስሙ የሌላ ነገር ነበር። ዓይናቸው የእሳት ፍንጣሪ የሚተፋ፣ ፊታቸው እንደ ጥላሸት የጠቆረ የሰሜን አውሮፓ የእሳት ፍጥረታት ስም ሊሆን ይችላል። ፍጥረታቱ ሲረሱ ስሙ ባዶውን ቀረ፤ ለማያውቁት ሩቅ ሕዝብ ተለጠፈ። ለኛ የሚያኮራ ማዕረግ አይደለም፣ ይሁን።

ቶም ሺፒ የተባለው የቶልኪን ተመራማሪ በ1982 ባወጣው መጽሐፍ ይህን ጽሑፍ ከልብ ወለዱ ጋር አያያዘው። ባልሮግ የተባለው የእሳትና የጥላ ጭራቅ፣ ሲልማሪል የተባሉት ብርሃን ያዘሉ ዕንቁዎች፣ ሁለቱም ከዚህ የቃል ቁፋሮ ጋር ዝምድና አላቸው ይላል። የሺፒ ሐሳብ ሊሞገት ይችላል። ግን የሚሞገትበት ገጽ፣ ዓመትና ቃል አለው። የጎንዶርና የጎንደር ወሬ ይሄ የለውም።

እኛ ጋ ስለ ፋንታሲ ጥናት ሲነሳ ቶሎ የሚመጣው መልስ «መጀመሪያ ይጻፍ፣ ከዚያ ይጠናል» የሚል ነው። ይሄ መልስ አይዋጥልኝም። በቶልኪን ቤት ጥናቱና ልብ ወለዱ አብረው ነው ያደጉት፤ አንዳንዴም ጥናቱ ነበር ፊት ፊት የሚሄደው።

በኅዳር 1936 ለእንግሊዝ አካዳሚ የሰጠው ንግግር ጥሩ ማሳያ ነው። ርዕሱ ቤዎልፍ ነበር፤ አንድ ጀግና ግሬንደል የተባለውን ጭራቅ፣ የግሬንደልን እናት፣ በስተርጅናው ደግሞ አንድ ዘንዶ የሚገጥምበት የጥንት እንግሊዝኛ ግጥም። የዘመኑ ሊቃውንት ግጥሙን እንደ ማኅደር ነበር የሚያዩት። ስለ ዴንማርክ ነገሥታት ምን ይላል? ስለ ቀብር ሥርዓትስ? ጭራቆቹ ያሳፍሯቸው ነበር። እንዲህ ያለ ትልቅ ገጣሚ ቁም ነገሩን ዳር ትቶ ተረቱን መሀል አስቀመጠ ብለው ያዝኑለታል።

ቶልኪን በምሳሌ መለሰላቸው። አንድ ሰው ከአባቶቹ በወረሰው ማሳ ላይ የፈረሰ የድሮ አዳራሽ ድንጋይ አገኘ። ድንጋዩን ሰብስቦ ግንብ ሠራበት። ወዳጆቹ መጡ። ደረጃውን መውጣት አላስፈለጋቸውም፤ ድንጋዮቹ ከድሮ ሕንፃ የመጡ መሆናቸውን ገና ከሩቅ አወቁ። ጽሑፍና ቅርጽ እንፈልግ ብለው ግንቡን ናዱት። አንዳንዶቹ ከሥሩ የድንጋይ ከሰል ይኖራል ብለው መቆፈር ጀመሩ። ሲጨርሱ «ምን ያለ ዝብርቅርቅ ነው!» አሉ። የሰውየው ዘሮች ሳይቀሩ «ምነው የድሮውን ቤት ባደሰው ኖሮ» እያሉ አሙት። እሱ ግን ግንቡ አናት ላይ ሲወጣ ባሕሩን ያይ ነበር።

ከዚያ ንግግር በኋላ ቤዎልፍን ጭራቆቹን ደብቆ ማስተማር ከባድ ሆነ። በአሥር ወሩ «ሆቢት» ታተመ፤ እዚያም ወርቅ ላይ የተኛ ዘንዶ አለ፣ እንደ ቤዎልፉ ዘንዶ ዋንጫ ተሰርቆበት የሚቆጣ። ንግግሩን ያደረገውና ልብ ወለዱን የጻፈው አንድ ሰው መሆኑ እንዲሁ ግጥምጥሞሽ አይመስለኝም።

የትምህርት መስኩ ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ ነው የቆመው። የጀመሩትም ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ አይደሉም። በ1967 ካሊፎርኒያ ውስጥ ግሌን ጉድናይት የተባለ ወጣት ሚቶፖይክ ሶሳይቲን መሠረተ፤ ቶልኪንንና ወዳጆቹን፣ ደራሲዎቹን ሲ ኤስ ሉዊስንና ቻርልስ ዊልያምስን፣ አብሮ ለማንበብ የተሰባሰቡ ሰዎች ማኅበር ነው። በ1969 ሚትሎር የተባለ መጽሔት ጀመሩ፤ ዛሬም የጥናት ጽሑፍ ያወጣል። ማኅበሩ ለልብ ወለድ ብቻ ሳይሆን ለጥናት መጻሕፍትም ይሸልማል፤ ይሄ ልምድ ለኛ የሽልማት ድርጅቶች ቢደርስ ጥሩ ነበር። ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ በ2015 በፋንታሲ ብቻ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ከፈተ፤ በ2020 ደግሞ ማዕከል አቋቋመ። ከአንባቢዎቹ ማኅበር እስከ ዲግሪው ወደ ሃምሳ ዓመት ገደማ ነው።

ከመስኩ ሰዎች እኔን የሚስበኝ አሜሪካዊው ብራያን አተበሪ ነው። በ2014 ባሳተመው መጽሐፍ ዋና ሐሳቡ፣ ፋንታሲ አፈ ታሪክን ለጌጥ አይጠቀምበትም የሚል ነው። የዛሬ አንባቢ ከድሮው ታሪክ ጋር የሚጫወተው፣ የሚጣላው፣ የሚታረቀው በፋንታሲ በኩል ነው ይላል። ፋራ ሜንድልሶን በ2008 ያወጡት አከፋፈልም አለ። ዋናው ጥያቄ አስማቱ ወደ ታሪኩ በየት በኩል ገባ የሚል ነው። ገጸ ባሕሪው በር አልፎ ወደ ሌላ ዓለም ይሄዳል? አስማቱ ወደኛ ሰፈር ይመጣል? ወይስ ዓለሙ ከመጀመሪያው እንደዚያ ነው? መጽሐፉ ለማንበብ ትንሽ ያደክማል፤ ጥያቄው ግን ይጠቅማል።

በዚህ ዓይን አንድ የኛን ታሪክ እንየው። ቸርችል ጎዳና ላይ ያሉትን የባህል ዕቃ ሱቆች የሚያውቅ ሰው ያንን ሸራ ያውቀዋል። በትንንሽ አራት ማዕዘን ተከፋፍሎ የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተርታ የሚያሳየውን፤ ብዙ ጊዜ 44 ሥዕል ነው። ታሪኩ ከንግሥቲቱ አይጀምርም። ከዘንዶው ነው የሚጀምረው። አርዌ ይነግሣል፤ ሕዝቡ ከብትና ልጃገረድ ይገብርለታል። አንጋቦ የተባለ ሰው ይመጣና በፍየል አድርጎ መርዝ ያበላዋል። አርዌ ይሞታል፣ አንጋቦ ይነግሣል፣ ልጁ ትወርሳለች።

ጀርመናዊው ኤኖ ሊትማን በ1904 ያሳተመው፣ ኤርትራ ውስጥ በሚነገረው በትግረ ቋንቋ ያለው ቅጂ ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ ለዘንዶው የተሰጠችው ራሷ እትዬ አዜብ ናት። ዛፍ ላይ አስረዋት ይሄዳሉ። ሰባት ቅዱሳን ይደርሱና ዘንዶውን በመስቀል ይገድሉታል። ከደሙ አንዲት ጠብታ እግሯ ላይ ታርፋለች፤ እግሯ የአህያ ኮቴ ይሆናል። ሕዝቡ ያነግሣታል። እሷም እንደሷ ያለች ልጃገረድ ሚኒስትር ትሾማለች። ከዚያ ሁለቱም ጸጉራቸውን እንደ ወንድ ተቆርጠው፣ ሰይፍ ታጥቀው ወደ ሰሎሞን ይሄዳሉ፤ እግር ይፈውሳል ተብሎ ስለተወራ። የቤቱን ደጃፍ ስትረግጥ እግሯ ይድናል።

እስቲ ይሄን ታሪክ እንደ ልብ ወለድ ሴራ እናንብበው። ዘንዶው ሞቶም አልለቀቃትም፤ የገዳዮቹ ድል በሷ ገላ ላይ ምልክት ጥሏል። ወደ ኢየሩሳሌም የሚወስዳት መጽሐፍ ላይ የምናውቀው የጥበብ ናፍቆት አይደለም፤ የገዛ እግሯ ነው። በሸራው ታሪክ ንግሥት የምትሆነው ከአባቷ ወርሳ ነው፤ እዚህ ግን ከመሥዋዕትነት ተርፋ። በሜንድልሶን ጥያቄ ካየነው ደግሞ በሁለቱም ቅጂ ዘንዶ መኖሩ ማንንም አያስደንቅም። የሚያሳስባቸው ግብሩ ነው። አስማቱ ከውጭ የገባ አይደለም፤ አገሩ ራሱ እንደዚያ ነው። አንድ ደራሲ ከዚህ ብቻ ሦስት ልብ ወለድ ያወጣል።

እኛ አርዌን የምናነበው ግን በብዛት ቤዎልፍን እንደናዱት ሊቃውንት ነው። «ከክርስትና በፊት እባብ ይመለክ እንደነበር ያሳያል» ይባልና ይዘጋል። ወይም የነገሥታት ዝርዝር አናት ላይ ይቀመጥና ዓመት ይቆጠርለታል። ስለ እባብ አምልኮ የሚባለው ልክ ሊሆን ይችላል። ግን የአህያ ኮቴውስ? ማንን ለመስደብ ወይም ማንን ለማዳን ነው የገባው?

ተረት በመሰብሰብ አንታማም። ሐዲስ ዓለማየሁ «ተረት ተረት የመሠረት»ን አዘጋጅተዋል። ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «እንቅልፍ ለምኔ»ን ትተውልናል። ሥነ ቃልና ፎክሎር በዩኒቨርሲቲ ይሰጣል፤ ተማሪዎች መስክ ወጥተው ይቀዳሉ፣ ይጽፋሉ። የጎደለው ወዲያ ማዶ ያለው ሥራ ነው። የተሰበሰበው ተረት ወደ ዛሬ ልብ ወለድ ሲገባ ምን ይሆናል? ምን ያጣል? ፋንታሲ የሚል ቃል ሲነሳ መምህሩ ፊት ላይ «የልጆች ነገር» የምትል ፈገግታ ብቅ ትላለች። ተማሪውም አይሞኝም፤ ርዕሱን ቀይሮ ይመጣል።

ናይጄሪያዎች አልጠበቁም። ፋጉንዋ በ1938 በዮሩባ ቋንቋ አዳኞችና የጫካ መናፍስት የሞሉበት ልብ ወለድ አወጣ፤ በ1968 ሾይንካ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ቱቱኦላ በ1952 የሞተ የዘንባባ ጠጅ ቀጂውን ፍለጋ ወደ ሙታን ከተማ የሚጓዝ ሰው ታሪክ ለንደን ላይ ሲያሳትም ገሚሱ የአገሩ ምሁር አፈረበት። እንግሊዝኛው የተሰባበረ ነው፣ ታሪኩም ኋላ ቀር ያስመስለናል አሉ። ግን ተከራከሩበት። ኔዲ ኦኮራፎር በ2011 የዓለም ፋንታሲ ሽልማትን ስትወስድ ከኋላዋ የብዙ ዓመት ጽሑፍና ጭቅጭቅ ነበር።

አንድ ከባድ ጥያቄ ግን አለ፣ አላልፈውም። ግሬንደልን እንደፈለጉ ቢጽፉት የሚቀየም ምእመን የለም። የኛ ታሪክ እንደዚያ አይደለም። የ1955 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 2 የንጉሠ ነገሥቱን ዘር ከንግሥተ ሳባና ከንጉሥ ሰሎሞን ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ይቆጥር ነበር። እስከ 1974 ድረስ ይሄ ታሪክ ሕግ ነበር ማለት ነው። ዛሬም ለብዙ ሰው እምነት ነው። ሰባቱን ቅዱሳን የልብ ወለድ ገጸ ባሕሪ ያደረገ ደራሲ ኮሜንት መስጫው ላይ ምን እንደሚጠብቀው መገመት አያቅትም። ተቃዋሚውም እንዲሁ ነገር ፈላጊ አይደለም፤ የሚሳለመው ነገር መጫወቻ ሲሆን ማየት ያማል።

ፓትሪሺያ ራይትሰን የተባለች የአውስትራሊያ ደራሲ የነባር ሕዝቦችን መናፍስት ለልጆች ፋንታሲ ተጠቀመችባቸው። በ1986 ለልጆች መጻሕፍት ደራስያን የሚሰጠውን የአንደርሰን ሽልማት አገኘች፤ በኋላ ግን የራሷ ባልሆነ ቅዱስ ነገር ገባች ተብላ ተወቀሰች። የኛ ደራሲ ጉዳይ ይለያል፤ የሚነካው የገዛ ቤቱን ነው። ቢሆንም አርዌና አዜብ የማን ናቸው ቢባል መልሱ አንድ አይደለም። ትግረው አለ፣ አክሱም አለ፣ አዲስ አበባ ያለው የሸራ ሠዓሊ አለ፣ ቤተ ክርስቲያን አለች። ደራሲ ብቻውን ይሄን ተሸክሞ መጻፍ ይከብደዋል። የትኛው ቅጂ የትና በማን እንደተነገረ፣ የትኛው ክፍል ለማን እንደሚቀደስ ቀድሞ ያየለት ጥናት ቢኖር ቢያንስ የሚረግጠውን ያውቃል።

ከዚህ የሚጀምር የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ አይጠፋም ባይ ነኝ። የሊትማን ጽሑፍ ከታተመ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ሸራውም ሱቅ ላይ ተሰቅሏል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ትግረ የሚችል ሰው አማክሮ፣ ሦስተኛ ቅጂ ከአፍ ለመቅዳት መስክ መውጣት ነው። ርዕሱን ሳይስቅ የሚፈርም አማካሪ ግን ያስፈልጋል።