በሃይላንድ የገባ ጎል የለም

ወገኖች፣ ዋንጫ እንደ ሊግ አይደለም። በሊግ ዛሬ የጣላችሁትን ነጥብ በሌላ ሳምንት ታካክሳላችሁ። ጥሎ ማለፍ ግን 90 ደቂቃ ነው፤ ቢበዛ 30 ተጨማሪ ደቂቃና ፍጹም ቅጣት ምት፣ ከዚያ ወይ ማለፍ ወይ ሻንጣ መሸከፍ። ደማችሁ ቢፈላ አንፈርድባችሁም። የምንቆጣችሁ የፈላውን ደም በእጃችሁ ያለውን ሃይላንድ ወደ ሜዳ ወርውራችሁ ልታበርዱት ስትነሱ ነው።

የደቡብ አፍሪካዋን ከተማ ኔልስፕሩይትን አስታውሱ። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ከ31 ዓመት በኋላ የደረስንበት የአፍሪካ ዋንጫ የመጀመሪያ ጨዋታችን፤ ተጋጣሚ የዋንጫው ባለቤት ዛምቢያ። ደቡብ አፍሪካ የሚኖረው ወገናችን ምቦምቤላ ስታዲየምን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ አልብሶት ነበር። በረኛቸው ኬኔዲ ሙዌኔ የአጥቂያችንን የሳላዲን ሰኢድን ፍጹም ቅጣት ምት አዳነ፤ ጥቂት ቆይቶ እዚያው ሳላዲን ላይ በሠራው ጥፋት በቀይ ካርድ ወጣ። እንግዲህ አስቡት፤ ሻምፒዮኑ አስር ሰው ቀርቶታል፣ ግቡ ላይ ጡንቻው ያልሞቀ ተቀያሪ በረኛ ሊቆም ነው። እንዲህ ያለ ሰዓት የሚፈለገው ኳሱን ቶሎ አስጀምሮ ፋታ መንሳት ነበር። ከመቀመጫው የወረደው ግን ጠርሙስና ቩቩዜላ የሚባለው የፕላስቲክ ጥሩምባ ነው፤ ጨዋታውም ቆመ። ከዕረፍት በፊት ኮሊንስ ምቤሱማ አገባብን። ጎሉ በጠርሙሱ ምክንያት ገባ አንልም፤ ፋታውን በነጻ የሰጠናቸው ግን እኛው ነን። አዳነ ግርማ ከዕረፍት በኋላ አንድ አቻ አደረገን፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ደግሞ ፌዴሬሽናችንን በገንዘብ ቀጣ።

ጨዋታ ሲቆም ምን እንደሚሆን ልብ ብላችሁ እዩ። ዳኛው ተጫዋቾቹን ወደ መሀል ሜዳ ይሰበስባል። የተጨነቀው ቡድን አሰልጣኝ ወደ መስመሩ ጠርቶ ውሃ ያጠጣቸዋል፣ የተበታተነውን ተከላካይ ቦታ ቦታ ያስይዛል፣ ቁርጭምጭሚቱን የያዘው ይታሻል። የባከነውን ደቂቃ ዳኛው በጭማሪ ይመልሳል። የቀዘቀዘውን ማጥቃት ግን የሚመልስላችሁ ዳኛ የለም።

የሚወረወረውስ ማንን ይመታል? የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ከሞላ ግማሽ ኪሎ ይመዝናል። ባዶው ሩቅ ስለማይሄድ ይሞላል፤ በምን እንደሚሞላ አዲስ አበባ ስታዲየም ሚስማር ተራ ወይም ካታንጋ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል፣ እዚህ አንጽፈውም። ከላይኛው ረድፍ ተወርውሮ ሜዳ መሀል ያለው ዋና ዳኛ ጋ አይደርስም። የሚያርፈው ፊት ወንበር ባለው የገዛ ደጋፊያችሁ ማጅራት፣ ኳስ አቀባይ ልጅ ላይ፣ ቢበዛ በመስመር ዳኛው ጀርባ ላይ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

ዳኛው ተሳስቶም ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። ክስ የሚያስይዘው አምበሉና ቡድን መሪው ነው፤ ቲፎዞ አያስይዝም። ጎል ነው አይደለም በሚለው ላይ ደግሞ ዳኛ ወስኖ ጨዋታው ከቀጠለ፣ እናንተ ስለጮኻችሁ የሚቀለበስ ነገር የለም። የጨዋታው ኮሚሽነር ግን የተወረወረውን ሁሉ ይጽፋል። በፊፋ የዲሲፕሊን ሕግ ክለብ የደጋፊውን ጥፋት የሚሸከመው እሱ ራሱ ባያጠፋም ነው፤ ዕቃ መወርወር፣ ሜዳ መግባት፣ ርችት መለኮስ፣ ሌዘር ማብራት ሁሉ በስም ተጠቅሷል። ቅጣቱም ከገንዘብ ይጀምርና በዝግ ስታዲየም እስከ መጫወት፣ ሲከፋም 3 ለ 0 ፎርፌ ድረስ ይሄዳል። ብሔር እየጠሩ መሳደብንማ ምን ብለን እንምከር፤ እሱን የሚያደርግ ኳስ ለማየት አልመጣም።

ከጠርሙሱ የሚብሰው በሩ ነው። ጥር 16 ቀን 2014 ዓ.ም. ያውንዴ፣ ኦሌምቤ ስታዲየም፣ ካሜሩን ከኮሞሮስ፤ መግቢያው ላይ በተፈጠረ መጨናነቅ 8 ሰው ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1989 በእንግሊዝ ኤፍኤ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ በሂልስቦሮ ስታዲየም ተጨፍልቀው የሞቱት 97 ደረሱ። እናንተ ሰው ተረጋግጦ የሚሞት ይመስላችኋል። ብዙው የሚሞተው ቆሞ ነው፤ ደረቱ ከፊትና ከኋላ ተጣብቆ አየር መሳብ ያቅተዋል። በአንድ ካሬ ሜትር አራት ሰው ሲቆም እንደልብ ባይሆንም መንቀሳቀስ ይቻላል። ስድስት ሰባት ሲሞላ ግን እግራችሁ የእናንተ አይደለም፤ ሕዝቡ እንደ ውሃ ይዟችሁ ይሄዳል። ከኋላ የሚገፋው ደግሞ ፊት ያለው እየታፈነ መሆኑን አያይም፣ ጩኸቱንም ዘፈን ይመስለዋል።

ስለዚህ ጨዋታው ሊጀመር አስር ደቂቃ ሲቀረው መጥታችሁ «ግፋ!» አትበሉ። በር ከተዘጋ ይዘጋ፤ ወሬውን ወደ ኋላ እየተቀባበላችሁ ቦታ ልቀቁ። ቲኬት የሌለው ሰው እድሉን በር ላይ አይሞክር። ከመሀል ከገባችሁ እጃችሁን እንደ ቦክሰኛ ደረታችሁ ፊት አጥፋችሁ ያዙ፣ ለሳንባችሁ ትንሽ ክፍተት ይተርፋል። ጫማም ስልክም ቢወድቅ አትጎንበሱ። ማዕበሉ ሲገፋ አትታገሉት፤ ረገብ ሲል ግን በአግድም ወደ ዳር አንድ አንድ እርምጃ ውጡ። ግድግዳና የብረት አጥር ጥግ ግን አትጠጉ፣ መጀመሪያ የሚታፈነው እዚያ ያለው ነው። ከወደቃችሁ በጎን ተኝታችሁ ራሳችሁን በክንዳችሁ ሸፍኑ፤ አጠገባችሁ የወደቀ ካለም ከመጮህ በፊት ብብቱን ይዛችሁ አንሱት።

ፊሽካ ሲነፋም አሸነፋችሁም ተሸነፋችሁም ሩብ ሰዓት ተቀመጡ፤ ታክሲው አያልቅም። ልጅ ይዛችሁ የምትመጡ ደግሞ ስልክ ቁጥራችሁን በእስክሪብቶ ክንዱ ላይ ጻፉለት። ሰው ሲበዛ ኔትወርክ ይጠፋልና ብትጠፋፉ የምትገናኙበትን ቦታ ከመግባታችሁ በፊት አሳዩት። «በሩ ጋ» ብቻ አትበሉት፤ የስታዲየም በር ብዙ ነው።