ልጅ ሳይዙ ሮለር ኮስተር

ዋሽንግተን ዙሪያ የምንኖር ሐበሾች መዝናኛ ፓርክ ለመግባት ከቲኬቱ ሌላ ልጅ ያስፈልገናል። የራሱ የሌለው የእህቱን፣ እሱም ካልተገኘ የጎረቤቱን ይዋሳል። አባት በዓመት አንዴ «ልጆቹ አስቸገሩኝ» እያለ ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ ጃኬትና ውሃ ተሸክሞ አጥር ሥር ይቆማል፣ ማታ «ወገቤ ተቆረጠ» እያለ ይመለሳል። ደስ ብሎኝ ዋልኩ ሲል ግን ሰምቼ አላውቅም።

እኔ ከሃምሳ ያለፍኩ ሰው ነኝ፤ ሮለር ኮስተር፣ ያንን በከፍታና በቁልቁለት ሐዲድ ላይ የሚከንፈውን የመጫወቻ ባቡር፣ እወዳለሁ፤ ልጅ ይዤም አልሄድም። ልጆቼ አድገው ከእኔ ጋር መታየት ትተዋል። ይህንን ከቅዳሴ በኋላ ለአንድ ወጣት ባጫውተው አስተዋይ ፊት እያሳየ ካዳመጠኝ በኋላ «ጋሼ፣ ደም ግፊትዎን ይለካሉ?» አለኝ። የመጣለት ጥያቄ ይኸው ብቻ ነበር።

ለነገሩ የአሜሪካ ትልልቅ ፓርኮች ታሪክ የሚነሳው ከዚሁ ዳር ከቆመው አባት ነው። ዋልት ዲስኒ ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ግሪፊዝ ፓርክ፣ ሴት ልጆቹ በሚሽከረከሩት የእንጨት ፈረሶች ላይ ሲጫወቱ እሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ኦቾሎኒ እየቆረጠመ ይጠብቅ እንደነበር፣ ወላጅና ልጅ አብረው የሚደሰቱበት ቦታ የመፍጠር ሐሳብም እዚያው እንደመጣለት ራሱ ተናግሯል። ዲስኒላንድ ጁላይ 17 ቀን 1955 አናሃይም ላይ ተከፈተ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሰውየው ከወንበሩ ከተነሳ ሰባ ዓመት አልፏል። የእኛ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልተነሳም።

ፈረንጆቹ ዘንድ ነገሩ ሌላ ነው። የሮለር ኮስተር ወዳጆች ከ1978 ጀምሮ የራሳቸው ማኅበር አላቸው። አብሬያቸው ሰልፍ ስቆም ካገኘኋቸው መካከል ጡረታ የወጡ መምህራን፣ መሐንዲሶች፣ የጭነት መኪና ሾፌሮች አሉ። በዕድሜያቸው የተሳፈሩባቸውን በደብተር ይመዘግባሉ፤ ስለ አንድ ኩርባ ለሩብ ሰዓት ይከራከራሉ። ረድፍ መምረጥን የተማርኩት ከእነሱ ነው። ፊት የተቀመጠ ብዙ ያያል፣ ኋላ የተቀመጠ ግን ብዙ ይሰማዋል። ባቡሩ ኮረብታውን ሲሻገር የፊተኛው ሰረገላ ቁልቁል ተንጠልጥሎ የኋለኞቹን ይጠብቃል። የመጨረሻው ጫፉ ላይ ሲደርስ ግን ባቡሩ መክነፍ ጀምሯልና ተሳፋሪውን ከመቀመጫው ብድግ ያደርገዋል። ለዚያች አንዲት ቅጽበት ነው ሁሉ ነገር። በእንጨት የተሠሩት ደግሞ ጠዋት ይለግማሉ፤ ከሰዓት በኋላ ቅባቱ ሲሞቅ ይፈጥናሉ። ልጅ ይዞ የመጣ አባት ይህንን የሚያውቅበት ጊዜ የለውም።

ብቻዬን መሄዴ ሌላም ጥቅም አለው። ብዙ ፓርኮች ለብቻው ለመጣ ሰው የተለየ ሰልፍ ያዘጋጃሉ፤ ጥንዶችና ቤተሰቦች ሲቀመጡ የምትተርፈውን ወንበር እንዲሞላ። ሌላው አንድ ሰዓት የሚቆምበትን አንዳንድ ቀን በሩብ ሰዓት ታልፈዋለህ። አስተናጋጇ «ስንት ናችሁ?» ትላለች፣ እኔ አንድ ጣት አወጣለሁ፣ ታሳልፈኛለች። ብቻውን የሚበላ ሰው ስሙ በሚነሳበት አገር ላደገ ሰው ብቸኝነት ቅድሚያ ሲያሰጥ ማየት ትንሽ ግር ይላል፤ ቢሆንም ይጠቅማል።

ሰልፍ ካነሳን አይቀር፣ አሜሪካኖች በሰልፍ ሥርዓታቸው ይኮራሉ። ዲስኒ በ1999 ያመጣው ሰልፍ ማሳጠሪያ ወረቀት ለማንም በነጻ ይሰጥ ነበር። ከ2021 ወዲህ ግን ቅድሚያ የሚገኘው በስልክ፣ በገንዘብ ነው። ሌሎቹም ፓርኮች እንዲሁ ይሸጣሉ። ከፋዩ በአጠገባችን ቀልጠፍ ብሎ ሲያልፍ ማንም ቃል አይናገርም። መገናኛ ወይም ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ሰው መሐል ልግባ ቢል ምን እንደሚወርድበት አስቡት! ኮት ለብሶ ይምጣ፣ ከረባት ይሰር፣ ከኋላ «ወንድም፣ ሰልፍ አለ» የሚል ድምፅ አይታጣም። በዚህ በኩል ያለማመንታት የአዲስ አበባን ሰልፍ እመርጣለሁ። ጉድለቱ፣ እዚያ የምንሰለፈው ለታክሲ፣ ለዘይትና ለነዳጅ መሆኑ ነው።

ታዲያ አገር ቤት ትልቅ ሰው አይጫወትም ማለት አይደለም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ሲባል የሚጫወተው ሕፃን ሳይሆን ሽማግሌውም ጎልማሳውም ነው፤ ጃንሜዳ ላይ በዱላ እግሩን የተመታ ባለሥልጣን አይከስም። ጥምቀት ላይ ካህኑም አዛውንቱም ይዘላሉ። የከረንቡላ ቤት ደንበኞች ስንቶቹ የልጅ ልጅ አይተዋል! ግን ፈቃዱ የሚሰጠው ለቀኑና ለጉባኤው ነው። ሰውየው ያንኑ ዝላይ ተራ ማክሰኞ ላይ ብቻውን ቢዘል ቤተሰቡ ጠበል ይወስደዋል።

አዲሶቹ ፓርኮችም ይህንን ልማድ ገና አልነኩትም። አንድነት ፓርክ በ2019፣ እንጦጦ በ2020 ሲከፈቱ አዲስ አበባ ትልቅ ሰው የሚንሸራሸርበት ንጹሕ ቦታ አገኘች፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለእረፍት ስሄድ እንጦጦ ላይ ያየሁት ግን ይበልጡን ፎቶ የሚነሳ ሰው ነው። በሽቦ ላይ ተንሸራትቶ ለመሻገር ወረፋ የያዙት ጎረምሶች ናቸው፤ በእኔ ዕድሜ ያሉት ስልክ ይዘው ይቀርጻሉ። የተለየ ነገር ያየሁት ቢሾፍቱ፣ ኩሪፍቱ የውሃ ፓርክ ነው። ከአንድ መሥሪያ ቤት በአውቶቡስ የመጡ ሰዎች፣ ቦርጫቸውን አስቀድመው፣ በተጠማዘዘው ቱቦ እየተንሸራተቱ ውሃው ውስጥ ጧ ይላሉ። አለቃቸው «አንድ ጊዜ ብቻ» ብለው ወጥተው ሲመላለሱ ዋሉ። ከመሥሪያ ቤት ጋር ስለመጡ ነዋ! ለብቻቸው ቢሆን በሩንም አይረግጡትም ነበር።

እዚህ ውጭ ያለነው ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ቀንበር አለ፤ «በብር ስንት ነው?» የሚሉት። የዲስኒ ወርልድ የአንድ ቀን መግቢያ ከመቶ ዶላር ይዘላል። በጁላይ 2024 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ፤ ከዚያ ወዲህ ስሌቱ ይበልጥ ያማል። የቲኬቱ ዋጋ የስንት ሰው አስቤዛ፣ የስንት ልጅ ደብተርና ጫማ ነው? የማስበው ኮረብታውን እየወጣሁ፣ ሰንሰለቱ ቀጭ ቀጭ ሲል ነው። ቁልቁለቱ ሲጀምር ይጠፋኛል። ይህንን ስሌት ጨርሶ የተወ ሐበሻ አላጋጠመኝም፤ ቢያጋጥመኝም የማምነው አይመስለኝም። ግን ለአንድ ሠርግ ልብስ ከዚያ አሥር እጥፍ ስናወጣ ሒሳቡ የት እንደሚገባ አላውቅም።

ሜሪላንድ፣ ፕሪንስ ጆርጅ ካውንቲ የነበረው የእኛ ፓርክ፣ ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ፣ ኖቬምበር 2 ቀን 2025 ተዘጋ። ኩባንያው በ2024 ከተፎካካሪው ከሴዳር ፌር ጋር ተዋህዶ ነበርና ንብረቱን ሲቆጥር ይኸኛው የማያስፈልግ ሆነበት። ትልቅ ወይም ዝነኛ ፓርክ አልነበረም። ዋይልድ ዋን የሚባል የእንጨት ሮለር ኮስተር ግን ነበረው፤ በ1917 ማሳቹሴትስ፣ ናንታስኬት ባሕር ዳርቻ ላይ የተሠራ። የነበረበት ፓርክ ሲዘጋ በጨረታ ተሽጦ፣ ከ1986 ጀምሮ እዚህ ሜሪላንድ ሠርቷል። 1917 ማለት ንግሥት ዘውዲቱ ዘውድ የጫኑበት፣ የጅቡቲው ባቡር ሐዲድም አዲስ አበባ የደረሰበት ዓመት ነው። እኛ ጨውና ጨርቅ የሚጭን ባቡር አግኝተን እልል ስንል፣ እነሱ የትም የማያደርስ ባቡር ሠርተው ይጮኹ ነበር። የእኛው ሥራውን አቁሞ ለገሃር ትዝታ ሆኖ ሲቀር የእነሱ መጫወቻ መቶ ዓመት አልፎትም እየተንቋቋ ይሮጥ ነበር።

በመጨረሻው መኸር ወዳጆቹ ከየግዛቱ መጡ። ፀጉራቸው የነጣ ሰዎች ከባቡሩ ወርደው የእንጨቱን ምሰሶ በመዳፋቸው ሲነኩ፣ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ። ይህንን ለጓደኞቼ ስነግር ሳቁ፤ «ለመጫወቻ ያለቅሳሉ?» አሉ። እነዚሁ ጓደኞቼ ናቸው በ2024 የፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ቪዲዮውን እየተቀባበሉ ሌሊቱን ያነጉት። እዚያ ሰፈር የነበራቸው ቤት አይደለም፤ ጥብስ በልተው፣ ቢራ ጠጥተው የሳቁበት ቦታ ነው።

የአክስቴ ልጅ አቡዳቢ ሰው ቤት ስትሠራ የአሠሪዎቿን ልጆች ይዛ ፌራሪ ወርልድ ወደሚባል መዝናኛ ፓርክ ትመላለስ ነበር። እዚያ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር የሚወነጨፍ ሮለር ኮስተር አለ፤ ተሳፋሪው ዓይኑን ከነፋስና ከአሸዋ ለመከላከል መነጽር ያደርጋል። እሷ የልጆቹን ጫማና ቦርሳ ይዛ መውጫው ላይ ትጠብቃለች። ያየችው ወርደው የሚመጡትን ፊት ብቻ ነው፤ «የሁሉም ፀጉር ወደ ኋላ ቆሞ» ትላለች።

አሁን ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። ባለፈው በጋ ከሪችመንድ በስተሰሜን ወዳለው ኪንግስ ዶሚኒየን ፓርክ ይዣት ሄድኩ። በ2010 የተተከለው ባለ 93 ሜትሩ ሮለር ኮስተር ሲታያት አማተበች፤ ሰልፉን ግን ከእኔ ቀድማ ያዘች። የመጨረሻው ረድፍ እንደሚሻል፣ ምክንያቱንም ጭምር አስረዳኋት። አልሰማችኝም፤ የፊተኛውን ፈለገች፣ እሱ ደግሞ የራሱ ረጅም ወረፋ አለው። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ወርጄ፣ ሎሚናዴ ገዝቼ ስመጣ እሷ ገና ቆማለች። በመጨረሻ ስትሳፈር ከመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ «ኪዳነ ምሕረት!» የሚል ጩኸት እስከ መኪና ማቆሚያው ተሰማ። ከወረደች በኋላ እንደገና የፊተኛውን ልያዝ አለች። በመንገድ እስከ ፍሬድሪክስበርግ ስንከራከር መጣን። ሰው ትከሻ እያዩ መውረድ ምን ዋጋ አለው ትላለች፤ እኔ አሁንም የኋላው ነው የሚበልጠው እላለሁ።