የእሺታ ውዳሴ

ስለ ኃያላን ብዙ ተጽፏል። መርከባቸው ተቆጥሯል፣ ሐውልታቸው ተመርቋል፣ የወደቁበት ሰበብ እንኳ ቅጽ በቅጽ ተተንትኗል። ስለ እኛ ስለ ራስ ነቅናቂዎቹ ግን ብዕሩን ያነሣ የለም። ይህ ግፍ ነው። ኃያል በጦሩ ብዛት ብቻ የሚቆም ይመስል የእኛ ልፋት ከነጭራሹ ተረስቷል። ሲያስፈራሩትማ ማንም እሺ ይላል። እኛ ጥያቄው ሳይመጣ፣ ጠያቂውም ገና ከእንቅልፉ ሳይነሣ እሺ ብለን እንጠብቀዋለን። ከዚያም እሺ ያልነውን ነገር የራሳችን ሐሳብ ነው ብለን ለልጆቻችን እናወርሳለን።

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ለምን ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ እንደማይኖር እተማመናለሁ።)

ጥበባችንን አጥርቶ ያየው ጣሊያናዊው የኮሚኒስት መሪና አሳቢ አንቶኒዮ ግራምሺ ነበር። የሙሶሊኒ መንግሥት በ1926 አሰረው፤ እሱም እስር ቤት ቁጭ ብሎ ደብተር በደብተር ላይ ሞላ። ሄጌሞኒ ለሚለው አሮጌ ቃልም አዲስ ሥራ ሰጠው። ገዢ በዱላ ብቻ አይገዛም አለ፤ ጥቅሙን የሁሉም ጥቅም፣ ልማዱን የጤናማ ሰው ሁሉ ልማድ አስመስሎ በትምህርት ቤቱ፣ በጋዜጣው፣ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ያሰርጻል፤ ዱላው በር ሥር ተደግፎ ይቆያል። ሰውየው ይህን እንደ በሽታ ማየቱ ብቻ ያሳዝናል። ዱላውን ማሳረፋችንን እንደ ውለታ ሊቆጥርልን በተገባ ነበር።

ቃሉ የግሪክ ነው፤ መምራት ማለት ነው። ግሪኮቹም ቢሆኑ በምሳሌ አስተምረውናል። በ478 ቅድመ ልደት ክርስቶስ አቴንስና ባልንጀሮቿ ፋርስን ለመመከት ማኅበር አቋቋሙ፤ መዋጮውም በዴሎስ ደሴት ይቀመጥ ነበር። በ454 ግምጃ ቤቱ ወደ አቴንስ ተዛወረ። ለገንዘቡ ደህንነት ሲባል ነው። ደህንነቱማ ተጠብቋል፤ ከፊሉ እብነ በረድ ሆኖ አክሮፖሊስ በተባለው የአቴንስ ኮረብታ ላይ እስከ ዛሬ ቆሟል። ናክሶስና ታሶስ የተባሉት ደሴቶች ቀደም ብለው ከማኅበሩ እንውጣ ብለው ነበር፤ መልሱ በመርከብ ደረሳቸው። አንገታቸውን ገና አላለማመዱም ነበርና አንፈርድባቸውም።

በኢኮኖሚው በኩል ደግሞ ሥራችን በእጅጉ ተሻሽሏል። በ1944 የ44 አገሮች ተወካዮች አሜሪካ ውስጥ ብሬተን ዉድስ ላይ ተሰብስበው የየአገሩ ገንዘብ በዶላር እንዲመዘን፣ ዶላሩም በ35 ዶላር አንድ ወቄት ወርቅ ሒሳብ እንዲመነዘር ተስማሙ። ነሐሴ 1971 ላይ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን የወርቁን መስኮት ዘጋው፤ ዶላር በወርቅ መመንዘሩ ቀረ። «ለጊዜው» ብሎ ነበር። እኛም ትዕግሥተኞች ነንና ጊዜው እስኪያልፍ ከ50 ዓመት በላይ ጠብቀናል። በዚያው ዓመት የገንዘብ ሚኒስትሩ ጆን ኮናሊ ለአውሮፓ አቻዎቹ ዶላር የእኛ ገንዘብ ነው፣ ችግሩ ግን የእናንተ ነው አላቸው። እንዲህ ያለ ቅን ሰው ከየት ይገኛል? ዛሬ አንዲት ዶላር አትመው የማያውቁ ሁለት አገሮች እርስ በርስ ሊነግዱ ሲነሡ፣ መጀመሪያ ዶላር ፍለጋ ይወጣሉ። ይህ ለምን ይሆናል የሚል ሰው ኢኮኖሚክስ አልተማረም ይባላል።

የዓለም የገንዘብ ድርጅትንም ማመስገን ይገባል። ትልልቆቹ ውሳኔዎች 85 ከመቶ ድምፅ ይፈልጋሉ፤ አሜሪካ ብቻዋን ከ16 ከመቶ በላይ ይዛለች። ሒሳቡን ለመሥራት ጣት ይበቃል። ለዋና ዳይሬክተርነት የተሾሙት ሁሉ አውሮፓውያን፣ ለዓለም ባንክ ፕሬዚዳንትነት የተሾሙት ደግሞ ሁሉም አሜሪካውያን ናቸው። ምርጫው በችሎታ እንደሚካሄድ ይነገረናል። ችሎታ ድንበር ጠንቅቆ የሚያውቅ ነገር መሆኑን ደርሰንበታል።

በርካታ የአፍሪካ አገሮች የሚገበያዩበት የሴኤፍኤ ፍራንክስ? በ1945 ሲወለድ ሦስቱ ፊደሎች የሚወክሉት «በአፍሪካ ያሉ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶች» የሚለውን ነበር። ነጻነት መጣ፤ ለምዕራብ አፍሪካዎቹ «የአፍሪካ የገንዘብ ማኅበረሰብ» ተባለ። ፊደሎቹ እዚያው ናቸው። ማኅተም ማስቀረጽ እንኳ ሳያስፈልግ ነጻ የወጣ ገንዘብ ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። በጥር 1994 በፈረንሳይ ፍራንክ ሲመነዘር ዋጋው በአንድ ጊዜ በግማሽ ወረደ። እሺ ተባለ።

እኔን ከሁሉም የሚማርከኝ ግን የፈረንሳዮቹ የራሳቸው እሺታ ነው፤ ኃያልም ለሌላ ኃያል አንገቱን ሲነቀንቅ ማየት ልብ ያሞቃል። በ1884 የ25 አገሮች ተወካዮች ዋሽንግተን ላይ ተቀምጠው የዓለም ኬንትሮስ ከየት ይጀምር ብለው መከሩ። አብዛኛው የባሕር ንግድ የግሪኒችን መስመር ይከተል ስለነበር ዜሮው በዚያ በለንደን አጠገብ ይለፍ ተባለ። ፈረንሳይ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። ፓሪስ እያለች! 27 ዓመት ሙሉ አኮረፈች። በ1911 ሕግ አወጣች። ሕጉ ግሪኒች የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም፤ የፈረንሳይ ሰዓት የፓሪስ ሰዓት ነው፣ ሆኖም 9 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ወደ ኋላ ይባል ይላል። የፓሪስ ሰዓት የግሪኒችን የሚቀድመው በስንት ነው? በ9 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ። እንዲህ ያለውን እሺታ ክፈፍ ሠርቶ በየሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ መስቀል ነበር።

ባህሉን በአጭሩ ልለፈው፤ እዚያ ሥራው ሁሉ ተሠርቶ አልቋል። በ1987 ለንደን ውስጥ ጥቂት የሙዚቃ አሳታሚዎች ተሰብስበው ከሩቅ የሚመጣውን ዘፈን በየትኛው መደርደሪያ እንደርድረው ብለው ተጨነቁ። «የዓለም ሙዚቃ» አሉት። ስንትና ስንት አህጉር አንድ መደርደሪያ ላይ ተጠቃሎ ገባ። ከመደርደሪያው ውጭ የቀረው ከየትኛው ዓለም እንደመጣ አልተነገረም፤ እሱ ሙዚቃ ብቻ ነው። የኃያል ምልክቱ ይኸው ቅጽል የማያስፈልገው መሆኑ ነው። የእኛ ልብስ የባህል ልብስ፣ የእሱ ልብስ ልብስ። የእኛ ሕክምና ባህላዊ፣ የእሱ ሕክምና። እኛ የክልል ዘዬ አለን፤ እሱ ዘዬ የለውም፣ ይናገራል።

ሰሞኑን አንድ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። አማካሪው ግድግዳው ላይ «ዓለም አቀፍ ተሞክሮ» የሚል ርዕስ አበራ። ዓለሙ ሦስት አገር ነበር፤ ሦስቱም ጎረቤታሞች። አዳራሹ ራሱን ነቀነቀ። እኔ እንደ ልማዴ ርዕሱ ተነብቦ ሳያልቅ ጀምሬ ስለነበር ከሁሉም ቀድሜ ጨረስኩ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ወጣት ተነሥታ «ይኸ ነገር እኛ ዘንድ ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ሁለቱንም ጊዜ ከሽፏል» አለች። ሁላችንም ዞረን አየናት፤ ይህችን ልጅ ያሳደጋት ማን ነው በሚል ዓይን። ከጎኗ የነበሩት ወንበራቸውን ትንሽ ሳብ አደረጉ። ሰብሳቢው ለሰዓቱ ሲል አመሰገናት። አማካሪው አንዲት ቃል አልመለሰላትም። ምን አደከመው፤ እኛ ነበርን።

የጥንት ሰዎች ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይላሉ። እኛ ሞኞች ስላልሆንን ደጃፋችን ድረስ መጥቶ እንዲቆርጥ አንፈቅድም። ራሳችን ቆርጠን፣ ልጠንና አስተካክለን ቤቱ ድረስ እናደርስለታለን፤ ሲመለስም መንገዱ ራቀ ብለን አናጉረመርምም።

አንድ ወዳጄ ግን በቅርቡ ክፉኛ ተጨንቆ መጣ። የዓለም ሚዛን እየተናጋ ነው፣ ያሁኑ ኃያል ቢዳከም ምን ይውጠናል፣ ቋንቋውን ተምረን፣ ሕጉን ገልብጠን፣ ገንዘቡን አጠራቅመን ሳንጨርስ ሌላ ይመጣብናል አለ። አንገት አቅጣጫ አይመርጥም ብዬ ላረጋጋው ሞከርኩ። አልተጽናናም።

«ለመሆኑ ቀጣዩ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«እኔ በምን አውቄው» አልኩት። «ስታገኘው ግን እሺ ብሏል በልልኝ።»