ልጄን ነው ወይስ ስሪ ፌዙን?

በጎጃም የእንግዳ ጠባይ ተለውጧል። ድሮ እንግዳ ሲመጣ በቅሎው ገብስ ትፈልጋለች፣ እሱ ጠላ ይፈልጋል፣ በዚህ ያልቃል። የዛሬው እንግዳ ግን ሰላምታውን ሳይጨርስ ዓይኑ ግድግዳ ለግድግዳ ይዞራል። ባለቤቶቹ የቤቱን ቀለም የወደደው ይመስላቸዋል። እሱ ሶኬት እየፈለገ ነው።

ነገሩ የመጣው ከላይ ነው። ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ተነገረ። ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ ያለው ዘመድ፣ አቅሙ የፈቀደለት፣ ቢዋይዲ ወይም አይዲ ፎር የሚባል የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። መግዛቱን ገዛ። ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያው ግን አብዛኛው እዚያው አዲስ አበባ ቀረ። በዓል ደግሞ አገር ቤት ነው።

ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናዋ ወረቀት ላይ 400 ትሄዳለች። ወረቀቱን የጻፈው ሰው ግን የአባይን በረሃ አላየም። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ሲወረድማ ደስ ይላል። ፍሬን በተያዘ ቁጥር ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ኃይሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ሾፌሩ ፐርሰንቱ ሲጨምር እያየ «እየሄደች የምትሞላ መኪና አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ይላል። ድልድዩን ይሻገራል። ከዚያ የደጀን አቀበት ይመጣና ቁልቁለቱ ያበደረውን ሁሉ ከነወለዱ ይቀበለዋል። መጀመሪያ ኤሲው ይጠፋል። ቀጥሎ ሬዲዮው። ቀጥሎ ጨዋታው።

ማርቆስ ሲደርስ በቀጥታ አክስቱ ቤት ነው። ለስንት ዓመት ዞር ብሎ ያላያት አክስት!

«አክስቴ፣ ናፍቀሽኝ እኮ ነው። እግረ መንገዴን... ለትንሽ ሰዓት ልሰካ?»

«ይሰካ እንጂ ልጄ! ቤትህ አይደል?»

ትንሽ ሰዓት ይላል እንዴ! የቤት ሶኬት ቢበዛ 3 ኪሎ ዋት ቢሰጥ ነው። ባትሪው 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል። ማካፈሉን ለእናንተ እተዋለሁ። አክስት አካፍላ ጨርሳለች፤ የነገውም ምሳ እዚሁ ነው። ዶሮዋ ተያዘች።

ጠዋት ምጣድ ሲሰካ ብሬከሩ ወረደ። መኪናው ተነቀለ፣ እንጀራው ተጋገረ፣ መኪናው ተሰካ፣ ወጥ ማሞቂያው ተሰካ፣ ብሬከሩ ወረደ። በመሃል የቆጣሪው ካርድ አለቀ። እንግዳው ተሳቀቀና ሲወጣ ለመብራቱ ብሎ ብር ዘረጋ። ይኼኔ ነው ጉድ የመጣው።

«ከእህቴ ልጅ ላይ መብራት ልሸጥ? ደግሞ ይኼ ቀረኝ!»

ተቀየመች። እኔ ብሆን እቀበል ነበር። እሷ ግን የጎጃም ሴት ናት፤ ለበግ የሚሆን ብር ቢሰጣት አታኮርፍም፣ በኪሎ ዋት ሲሰላባት ግን ታኮርፋለች።

ቡና ላይ አንድ ጎረቤት ነገሩን በሌላ በኩል ተረጎመው። «አባይ እኛን ዞሮ ይወርዳል። ጉባ ላይ ታግዶ 5,150 ሜጋ ዋት ነው ይሉናል፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ አጨብጭበናል። ከዚያ ሽቦ ሆኖ አዲስ አበባ ይገባል። አዲስ አበባ ባትሪ ላይ ይጫናል። ለፋሲካ ባዶውን ሆኖ እኛው ዘንድ ይመለሳል፣ ሙሉኝ እያለ።» መልስ የሰጠው የለም። ሦስተኛው ቡና ቀረበ።

ሆቴሎች ቶሎ ነቅተዋል። አንዱ ጋ «መኪናው ያድራል ወይስ እርስዎ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ዋጋው ይለያያል። ሁለቱም ካደሩ ቅናሽ የለም።

ከሁሉ በላይ ግን የከበረው ባለወፍጮ ነው። በትንንሾቹ ከተሞች ስሪ ፌዝ መስመር፣ ያ ከቤት መስመር የበለጠ ኃይል የሚሰጠው፣ ያለው ማን ነው? ወፍጮ ቤት ነዋ! ትናንት ዱቄት ለብሶ ሲያልፍ ሰላም ያላለው ሁሉ ዛሬ «አያ፣ እንዴት አደሩ?» ይለዋል። ሴት ልጅ ካለችውማ ደጁ ሽማግሌ አያጣም። በቀደም ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው አንዱ ቤት ሄዱ። ልጃችን ጨዋ ነው፣ ሠርቶ አደር ነው፣ አዲስ አበባ ቤት አለው፣ መኪናም አለው አሉ።

«የምን መኪና?» አለ ባለወፍጮው።

«የኤሌክትሪክ።»

ዝም ብሎ ቆየ።

«እንዲያው ሳትደብቁ ንገሩኝ፤ የሚፈልገው ልጄን ነው ወይስ ስሪ ፌዙን?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ትልቁ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መቼም አያ፣ እርስዎ አይሰስቱም። ሁለቱንም ነው።»