ውዳሴ ችካል

ባለፈው ሳምንት «የምክክር መድረክ» ተጠርቼ ሄጄ ነበር። መንገድ ሊሰፋ ነው። መንገዱ የሚያርፍበት ሰው ሐሳቡን ይስጥ ተባለ። ደስ አይልም? ችካሉ ግቢያችን ከተተከለ ገና 3 ሳምንቱ ነው። ቀድመው ቢጠሩን ኖሮ ስለምን እንደምንመክር እንኳ አናውቅም ነበር። መጀመሪያ ችካል፣ ቀጥሎ ምክክር። ለሰው ማሰብ ይሏል ይኼ ነው።

በር ላይ የስም መመዝገቢያ ወረቀት ነበር። አስፈራሚዋ እስክሪብቶ ስላልነበራት የኔን ሰጠኋት። ይቺን እስክሪብቶ ያዙልኝ።

ሰብሳቢው ገና ማንም አፉን ሳይከፍት «ስለሰጣችሁን ገንቢ አስተያየት እናመሰግናለን» ብለው ጀመሩ። ሰዓት የሚያከብሩ ሰው ናቸው። ከዚያ ካርታው ተዘረጋ። ቀይ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይመጣል። የደካማ ግቢ ሲያገኝ እንደ ሐብሐብ ለሁለት ሰንጥቆት ያልፋል። ግንቡ ረዘም ያለ፣ ዘበኛው የደንብ ልብስ የለበሰ ግቢ ጋ ሲደርስ ግን ወገቡን ሰበር አድርጎ፣ በአክብሮት፣ በጎን በኩል ይዞራል። አለፍ ሲል እንደገና ቀጥ! አንድ ጎረቤታችን ይህን ኩርባ ምን አመጣው ብለው ጠየቁ። «የመሬቱ አቀማመጥ ነው» ተባሉ። ሰፈሩ ሜዳ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ግን ተራራ እንዳለን ማወቃችን ትልቅ ነገር ነው።

እኔ ግን ከሁሉም በላይ የማደንቀው ችካሏን ነው። ስታዩዋት ተራ እንጨት ናት። ከጉልበት አትበልጥም፣ ጫፏ ቀይ ነው። ሥልጣኗን ግን ተመልከቱ። አንዴ ግቢ ከገባች ባለቤቱ ሚስማር መምታት አይችልም። ጣሪያው ያፈስሳል፤ «እንዳትነኩት፣ ሊነሣ ነው!» መቼ? «በቅርቡ።» በዚህ «በቅርቡ» ውስጥ ልጅ አንደኛ ክፍል ገብቶ ይመረቃል። ልሽጠው ቢል ባለችካል ቤት ማን ይገዛዋል? በቤቱ ልበደር ቢል አበዳሪው ገና ከበር ችካሏን አይቶ ይመለሳል። ግድግዳው ይሰነጠቃል፤ ይተወው። አጥሩ ይዘማል፤ በእንጨት ይደግፈው። ሌሊት ዝናብ ሲመጣ ባለቤቱ ተነሥቶ በሚያፈስሰው ሥር ባልዲ ያስቀምጣል። ጠዋት ወጥቶ ባልዲውን ሲደፋ ችካሏ ፊት ለፊቱ ቆማለች። እንዴት አደርሽ ሊላት ምንም አይቀረው፤ ቤተሰብ ሆናለች። ልጆቹ ብዪ ሲጫወቱ መነሻቸው እሷ ናት። ዶሮዋ እንኳ እላይዋ ላይ ቆማ ነው የምትጮኸው።

ከስንት ዓመት በኋላ የካሳ ገማቹ ክላሰሩን በብብቱ ይዞ ይመጣል። ጣሪያውን ቀና ብሎ ያያል። «ያፈስሳል» ብሎ ይጽፋል፤ ይቀንሳል። ግድግዳውን ያያል። «ተሰንጥቋል»፤ ይቀንሳል። አጥሩንም እንዲሁ። ከዚያ ከልቡ አዝኖ «ምነው፣ ቤታችሁን እንዲህ ጣላችሁት?» ይላል። ባለቤቱ ዞሮ ችካሏን ያያታል። በግቢው ውስጥ ያላረጀች እሷ ብቻ ናት፤ በየጊዜው እየመጡ ቀለም ያድሱላታላ።

የገማቾች የመርሳት ተሰጥኦም ሳይመሰገን አይታለፍም። የእንግሊዝን ሕግ የተከተሉ ብዙ አገሮች አንድ ደንብ አላቸው። መሬቱ ሲገመት ፕሮጀክቱ እንዳልታሰበ ይቆጠራል። መንገዱ ያመጣው ውድነት ይረሳ፣ ያመጣው ርካሽነትም ይረሳ ነው ነገሩ። ወረቀቱ ላይ ሚዛኑ ልክ ነው። ውድነቱን የሚረሳ ገማችም ሞልቷል። ርካሽነቱን የሚረሳ ካገኛችሁ ጥሩኝ፣ እጁን እስማለሁ።

አንዳንዴ ደግሞ ፕሮጀክቱ ራሱ ይቀራል። እንግሊዝ ውስጥ ከለንደን ወደ ሰሜን ይዘረጋል የተባለ ፈጣን ባቡር ነበር። ከበርሚንግሃም ማንቸስተር የሚሄደው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2023 ተሰረዘ። ለዚያ ሐዲድ ተብሎ ቀድሞ የተገዛ ቤትና እርሻ አለ። ባቡሩ አልተነሣም፤ ሰዎቹ ግን በሰዓታቸው ተነሥተዋል።

አልነሣም የሚሉም አሉ። ቻይናዎች እንዲህ ያለውን ቤት «ሚስማር ቤት» ይሉታል። ለችካል መልሱ ሚስማር መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ዌንሊንግ በምትባል ከተማ አንድ ባለ 5 ፎቅ ቤት አዲስ መንገድ መሐል ብቻውን ቆሞ ታየ። ባለቤቱ ካሳው አነሰኝ ብሎ አልወጣም ሲል አስፋልቱን በግራና በቀኙ አንጥፈው ዞሩት። ፎቶው ዓለምን ሲያዳርስ ነገሩ ተፋጠነ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ተስማማ ተባለና ቤቱ ፈረሰ። እኔን የገረመኝ መዞር መቻሉ ነው። መንገድ ለደኸየ ሰውም መዞር ይችላል ለካ!

ስብሰባው ሊያልቅ ሲል አንድ ሰውዬ ከኋላ ተነሡ። «ብሩ የሚመጣው ቤቱ ከመፍረሱ በፊት ነው በኋላ?» አሉ። «ሂደት ላይ ነው» ተባሉ። እዚህ ላይ ቀልድ አልመጣልኝም። መንገዱን የጠላው የለም፤ እኔም በዚያው መንገድ እሄዳለሁ። ሰውዬው ግን የጠየቁት ቀን ነው። ካሳ ትክክለኛና ቀድሞ የሚከፈል ይሁን ብለው ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1789 በመብት መግለጫቸው ጽፈዋል፤ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ማፍረሻው ማሽን የሚመጣበትን ቀን እስከ ሰዓቱ የሚያውቅ ሰው፣ ብሩ የሚመጣበትን ቀን አላውቅም ሲል ደሜ ይፈላል። አላውቅም አይደለም። ግድ የለኝም ነው። ሰውዬው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ከመድረኩ «ሌላ ጥያቄ?» ተባለ።

ሌላ ጥያቄ አልነበረም። ስወጣ አስፈራሚዋ ወረቀቶቹን እያያያዘች ነበር። ያ የስም መመዝገቢያ ከላዩ አዲስ ርዕስ ወጥቶለታል፦ «በፕሮጀክቱ የተስማሙ ነዋሪዎች ዝርዝር»። ስሜ 14ኛ ላይ አለ፣ ፊርማዬም አምሮበታል። የተጻፈው በራሴ እስክሪብቶ ነው። እስክሪብቶዬን ብጠይቅ ሰብሳቢው ይዘዋት ሄደዋል አለችኝ። ለሕዝብ ጥቅም መሆን አለበት። ካሳዋ ሂደት ላይ ነው።