መኪናው ተንበርክኮ፣ ባለቤቱ ቀና ብሎ

ጠዋት መኪናቸውን አስነስተው ለጥቂት ደቂቃ ሳይንቀሳቀሱ የሚቆዩ ባለመኪና አይታችሁ ከሆነ፣ ሞተር እያሞቁ መስሏችሁ አልፋችሁ ይሆናል። ተሳስታችኋል። ክቡርነታቸው መኪናቸው ከተኛበት እስኪነሳ እየጠበቁ ነው። ማታ ቀጥ ብሎ የቆመው ኤስ ክላስ ሲነጋ የፊት ጎማዎቹን ዋጥ አድርጎ፣ ፓራውልቱ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም። ሌላው ሰው ለመኪናው ይጎነበሳል፤ ለእኚህ ሰው ግን መርሴዲስ የሚያህል ነገር ሌሊቱን ሙሉ ተንበርክኮላቸው ያድራል። ይህን ያህል ክብር ያገኘ ማን አለ?

እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2005 የተመረተው ይህ ኤስ ክላስ፣ በሞዴል መጠሪያው ደብሊው 220፣ በአብዛኛው የብረት ሞላ የለውም። በምትኩ በየጎማው ላይ አየር የሚይዝ የላስቲክ ከረጢት አለ፤ አራቱንም የምትሞላው አንዲት ትንሽ ኮምፕረሰር ናት። ላስቲኩ ሲያረጅ በሚታጠፍበት በኩል ይሰነጠቅና አየሩ ቀስ እያለ ያመልጣል። ኮምፕረሰሯ የተሠራችው ለአጭር ጊዜ ሠርታ እንድታርፍ ነው። ቀዳዳ ከረጢት ስትሞላ ግን ዕረፍት ስለሌላት ትግላለች፣ ከዚያም ትቃጠላለች። አንዳንዴ ደግሞ የሚያዛት ሪሌ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያዋ፣ ተጣብቆ ይቀርና ሞተር ጠፍቶም ባትሪውን እየመጠጠች ታድራለች።

ተራ ሰው ቢሆን ውሃና ሳሙና በጥብጦ፣ መኪናው ከፍ ብሎ ሳለ ከረጢቱንና የቱቦውን መጋጠሚያ ይረጭና አረፋ የሚያፈላውን ቦታ ይፈልግ ነበር። ሩብ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው። ክቡርነታቸው ግን እንዲህ ባለ ተራ ነገር እጃቸውን አያረጥቡም፤ በቀጥታ ኮምፕረሰር ያስቀይራሉ። ከረጢቱ እንደተቀደደ ነው። አዲሷም የቀድሞዋን መንገድ ተከትላ ትቃጠላለች፤ ያን ጊዜ «ዕቃው ፎርጅድ ነበር» ይባልና ሌላ ይገዛል። (ከአየር ሞላ መኪና ሥር ያለ ብረት መደገፊያ የሚገባ መካኒክ ካያችሁ ግን እባካችሁ ጎትታችሁ አውጡት። እዚህ ላይ እየቀለድን አይደለም፤ አየሩ ሲወጣ መኪናው ቀድሞ አያስጠነቅቅም።)

ብልህነታቸው የሚጀምረው ከግዢው ዕለት ነው። መኪናው አዲስ ሳለ ለሀብታም ብቻ ነበር፤ ሲያረጅ ዋጋው እኛ ዘንድ ወረደ። የመለዋወጫው ዋጋ ግን መኪናው እንደረከሰ የነገረው የለም፤ ዛሬም ራሱን የሚቆጥረው በአዲሱ መኪና ዋጋ ነው። ክቡርነታቸው ይህን ቢያውቁም አልተበገሩም። ያላቸውን ሁሉ መግዣው ላይ አውለው፣ ለጥገና ምንም ሳያስቀሩ ቁልፉን ተረከቡ። ለክፉ ቀን ገንዘብ ማስቀመጥ እኮ መኪናን እንደማሟረት ነው።

ከዚያ ወዲህ የሚወጣው ወጪ ሁሉ ለሚታየው ነው። ቸርኬው 20 ኢንች ሆኗል፤ ከጠርዙ እስከ አስፋልቱ የቀረው ጎማ ሁለት ጣት ቢሞላ ነው። ጎማው ጎን ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች 2312 ይላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በ23ኛው ሳምንት ተመረተ ማለት ነው። ቢሆንም ጎማው በጥቁር ቅባት ስለሚያብረቀርቅ ቁጥሩን የሚያነብ የለም። ቢጫ የሆነው የፊት መብራት ፋኖስ ነገርም እንደዚሁ ነው። የፕላስቲኩ መከላከያ ሽፋን በፀሐይ ስለሚላጥ፣ በ800፣ በ1500 እና በ2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውሃ ፈግፍጎ፣ ከወለወሉ በኋላ ፀሐይ የሚከላከል ሽፋን መልሶ መቀባት ያስፈልጋል። ክቡርነታቸው በጥርስ ሳሙና አሸት አሸት ያደርጉታል። ለአንድ ፎቶ የሚሆን ብርሃን ይሰጣል፤ ከሁለት ወር በኋላ ፋኖሱ ተመልሶ ቢጫ ነው። ላይ ላዩ ካማረ ውስጡን ለቄስ።

ውስጡን ካነሳን ዘንድ ክሩስኮቱን እንይ። ቼክ ኢንጂን በርቷል፣ ኤርባግ በርቷል፣ ኤቢኤስ በርቷል፤ መሐል ላይ ያለችው ሰሌዳ ደግሞ «ወደ ጋራዥ ሂድ» እያለች ትማጸናለች። ሰነፍ ሰው ይህን ሲያይ ይደነግጣል። ክቡርነታቸው ግን ጥቁር ናስትሮ ቆርጠው መብራቶቹ ላይ ይለጥፋሉ፤ እጅግ ውጤታማ ጥገና ነው። የኤርባግ መብራት በርቶ ሲቀር ሲስተሙ ወይም አንዱ ክፍሉ ከሥራ ውጪ ሊሆን እንደሚችል፣ በግጭት ጊዜ መሪው ውስጥ ያለው ከረጢት ላይፈነዳ እንደሚችል የሚያወሩ ሰዎች አሉ። ቼክ ኢንጂኑ ብልጭ ድርግም ሲል ደግሞ አንዱ ሲሊንደር እያቃጠለ እንዳልሆነና ያልተቃጠለው ቤንዚን ጭሱን የሚያጣራው ካታሊቲክ ውስጥ ገብቶ እያነደደው እንደሆነ ይናገራሉ። ወሬኛ አይጥፋ። ናስትሮው እንደሆነ አይናገርም።

ሲሊንደር ስንል ትዝ ያለን ሌላ ቁጠባ አለ። ኤም 113 የሚባለው የዚያ ዘመን ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር በእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ ስላለው በጠቅላላው 16 ነው። ለእጅ የሚመቹት ስምንቱ ተቀይረው የማይመቹት ስምንቱ «ገና ናቸው» ተብለው ይቀራሉ። ዘይቱም ወደ 8 ሊትር ይፈልጋል፤ ግን መኪና ሁሉ የሚሞላው በአምስት ሊትር አይደል? በዚያ ላይ መጽሐፉ 5ደብሊው-40 የሚያህል ቀጭን ሲንቴቲክ ሲጠይቅ፣ «አሮጌ ሞተር ወፍራም ይወዳል» ተብሎ 20ደብሊው-50 ይንቆረቆርለታል። ጠዋት ሲነሳ ታፔቶቹ ታካታክ ሲሉ፣ ወፍራሙ ዘይት ላይኛው ክፍል ለመድረስ ዳገት ሆኖበት መሆኑ ቀርቶ፣ ሞተሩ «ድምፁ ግርማ ሞገስ አለው» ይባላል።

አሁን ወደ ታላቁ ብሔራዊ ግኝት እንምጣ፦ ቴርሞስታት ማውለቅ። ሞተር ከጋለ ጥፋተኛው ቴርሞስታት ነው፤ ምርመራ አያስፈልግም። ያቺ ትንሽ ቫልቭ እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ80 እስከ 105 ዲግሪ ባለው የተወሰነ ሙቀት የምትከፈት ናት። ስትወጣ ሞተሩ የሥራ ሙቀቱ ላይ ሳይደርስ ይውላል፤ ኮምፒውተሩ «ገና ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ቤንዚን ያበዛል፤ ትርፉ ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል። ይባስ ብሎ በብዙዎቹ ሞተሮች ቴርሞስታቷ ስትከፈት ውሃውን በዚያው ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን አቋራጭ ቧንቧ ትዘጋ ነበር። እሷ ስትነሳ አቋራጩ ክፍት ይቀራልና፣ ከውሃው ገሚሱ ራዲያተር ሳይጎበኝ ይመለሳል። ስለዚህ መኪናው ሜዳ ላይ ይበርዳል፣ ዳገት ላይ ይግላል። ለአንድ ብልሽት ሁለት ብልሽት ያተረፈ ነጋዴ ከክቡርነታቸው ሌላ የት ይገኛል?

ውሃውም የቧንቧ ነው። ግማሽ በግማሽ የተጣራ ውሃና ኩላንት የሚባለው ለፈሪ ነው። የቧንቧ ውሃ ጠጠሩን በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ያነባብራል፤ ዝገት የሚከለክል ነገር ስለሌለው የአሉሚኒየም ቴስታታውን እየቆረቆረ ይበላል። የውሃ ማጠራቀሚያው ጋን፣ የቴርሞስታቱ ቤት፣ የጎማ ቱቦው አፍ ሁሉ ፕላስቲክ ነው፤ በሙቀት ዘመን ቆጥሮ እንደ ብስኩት ይሰባበራል። የቢ ኤም ደብሊው ኢ 38 እና ኢ 39 ባለቤቶች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። የሚመከረው ጋኑን፣ ቴርሞስታቱን፣ የውሃ ፓምፑንና ቱቦዎቹን አንድ ላይ መቀየር፣ ከዚያም የማሞቂያውን ሙቀት እስከ መጨረሻ ከፍ፣ ማራገቢያውን ዝቅ አድርጎ፣ በማስወጫ ብሎኗ አየሩን ማስወጣት ነው። ክቡርነታቸው የፈነዳችውን ብቻ ይቀይራሉ። አንዷ በወር፣ ሌላዋ በሁለት ወር ተራ በተራ ይፈነዳሉ፤ ጋራዡም ከደንበኛው አይናፍቅም።

ካምቢዮውን ደግሞ «ለዕድሜ ልክ ተሞልቷል» የሚለው አፈ ታሪክ ይጠብቀዋል። ዕድሜ ልክ የማን? የመጀመሪያው ባለቤት ከሆነ እሱ መኪናውን ከሸጠ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የመጣው ባለ አምስት ማርሹ 722.6 ካምቢዮ በየ60 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ዘይትና ፊልትር ቢቀየርለት ረጅም ዕድሜ አለው። ከጎኑ ያለው ባለ 13 መርፌ ሶኬት ላስቲኩ ሲደርቅ ዘይት ያልባል፤ ዘይቱም በሽቦዎቹ ውስጥ ሽቅብ እየተሳበ የካምቢዮው ኮምፒውተር ድረስ ሊደርስ ይችላል። ሶኬቷ ርካሽ ናት፤ ኮምፒውተሩ አይደለም። የዘይት መለኪያ ዘንግም አብሮ አይመጣም፤ ልዩ ዘንግ ተይዞ ዘይቱ 80 ዲግሪ ሲደርስ ነው ልኩ የሚታየው። ይህ ሁሉ ድካም ቀርቶ ማርሹ ሲደነግጥ በዓይን ግምት ያገኙትን ዘይት ጨመር ማድረግ አለ። ማርሹ ሁለተኛ ላይ ተቆልፎ አልቀየር ሲል፣ ያ ራሱን ከጉዳት የሚያድንበት ዘዴ ነው። ክቡርነታቸው ግን ሞተሩን አጥፍተው ያስነሱታል፤ ማርሹ ይመለሳል። «ተሠራ» ማለት ይኸው ነው።

የጣሪያውን መስኮት ውሃ መውረጃ እንዝለለው ብንል ይቆጨናል። በአራቱ ማዕዘን ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ፤ ቅጠልና አቧራ ሲደፍናቸው ዝናቡ በጣሪያው ጨርቅ አድርጎ ምንጣፍ ሥር ይወርዳል። በእነዚህ መኪናዎች ምንጣፍ ሥር ምን ተቀምጦ ይገኛል? የሽቦ መጋጠሚያና የመቆጣጠሪያ ኮምፒውተር። ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ማዕዘኑ ላይ ጠብ አድርጎ ከጎማው ኋላ መፍሰሱን ማየት በቂ ምርመራ ነበር። ፋንታው ሽታውን የሚያጠፋ ሽቶ መስቀል ሆኗል፤ ባለ ሁለት ጠርሙስ።

ባትሪውም ቢሆን 95 አምፔር ሰዓት የነበረው ወጥቶ 60 ገብቷል፤ ቀዳዳው ውስጥ እንዳይንገዋለል ካርቶን ተወትፎለታል። ቮልቴጁ ሲወርድ ኮምፒውተሮቹ ይቃዣሉ፦ ቁልፉን አላውቅህም ይላል፣ መስኮቱ ግማሽ ላይ ይቆማል፣ ክሩስኮቱ ያልተበላሸውን ሁሉ ተበላሸ ይላል። ባትሪውን ሌሊት እንቅልፍ የነሳው ምን እንደሆነ ለማወቅ አምፔር መለኪያውን በባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ መሐል አስገብቶ፣ በሩን ቆልፎ፣ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ መታገሥ ነው። ከ50 ሚሊ አምፔር በታች ካልወረደ ፊውዞችን አንድ በአንድ እየነቀሉ ሌባው ይያዛል። ክቡርነታቸው ማታ ማታ ገመዱን በእንግሊዝ ቁልፍ ፈትተው ጠዋት ያስሩታል። የሚንበረከክ መኪና፣ በየማታው የሚፈታ፣ በየጠዋቱ የሚታሰር፤ በቅሎ ማለት ነው እንጂ።

ነዳጅ እንኳ በክብር ነው የሚቀዳው። ከ80 ሊትር በላይ የሚይዝ ታንክ አምስት ሊትር ይገባበታል። ፓምፑ ታንኩ ውስጥ በሆነባቸው መኪናዎች ፓምፑ የሚቀዘቅዘው በዙሪያው ባለው ነዳጅ መሆኑ፣ ሁልጊዜ ቀይ መብራት ላይ መንዳት ዕድሜውን እንደሚያሳጥረው ለጊዜው ይቆየን። መብራቷም ናስትሮ ሥር ናት።

ይህ ሁሉ ደስታ ሲበዛባቸው ክቡርነታቸው ለሌላውም ለማካፈል ይነሳሉ። ናስትሮው ይላጣል፣ በአንዲት ትንሽ የኮድ ማንበቢያ የብልሽት ኮዶቹ ሁሉ ይጠፋሉ፣ ክሩስኮቱ ንጹሕ ይሆናል። (ነገሩ የገባው ገዢ የራሱን ማንበቢያ ሰክቶ መኪናው ራሱን የሚፈትሽባቸው ፍተሻዎች «አልተጠናቀቀም» የሚሉ ከሆነ፣ ኮዱ ገና ትናንት እንደተሰረዘ ይገባዋል፤ ይህን ለማንም እንዳትናገሩ።) ማስታወቂያውም ይወጣል፦ «ፅድት ያለ፣ አንድ እጅ፣ ምንም የማይነካ፣ ነዳጅ ብቻ ሞልቶ መንዳት።»

ገዢው ይደውልና «ነገ ጠዋት በማለዳ መጥቼ ልየው?» ይላል።

«ከረፋዱ በኋላ ቢሆን ይሻለኛል» ይላሉ ክቡርነታቸው።